ለቀብራችን ያሰብነውን ያህል ለኑሯችን እናስብ

ወጣቶች ሆይ፤

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለውን ተረት ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። የሰማችሁት ግን ምናልባት በሠርግ ቤት ጨዋታ ወይም ስለ ኅብረት በሚነገር ምክር መካከል ይሆናል እንጂ ስለ ንግድና ስለ እርሻ በሚነገር ቁም ነገር ውስጥ አይሆንም። እኔ ግን ብዙ ዘመን ጠመኔ ይዤ ሳስተምር ከኖርሁ በኋላ የተረዳሁት፥ ይህ ተረት የአንድ ትልቅ የሥልጣኔ ሥራ ሙሉ ትርጓሜ መሆኑን ነው። ይህም ሥራ በአማርኛ መድን፥ በፈረንጅ አፍ ኢንሹራንስ የሚባለው ነው።

መድን ማለት ምንድን ነው? ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አረቦን ብለው በየጊዜው ያዋጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል ቤቱ የተቃጠለበት፥ ጭነቱ በመንገድ የጠፋበት፥ ከብቱ ያለቀበት ሰው ሲገኝ ከተዋጣው ገንዘብ ይካሳል። በሚመጣው ዓመት የማን ቤት እንደሚቃጠል የሚያውቅ ሰው የለም፤ ነገር ግን ከሺህ ቤት ስንቱ እንደሚቃጠል ያለፉትን ዓመታት ቆጥሮ በግምት ማወቅ ይቻላል። የመድን ጥበብ ሁሉ ያለው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። ለአንድ ሰው መዓት የሆነው ጉዳት ለሺህ ሰው ሲካፈል እንደ ማንኛውም የቤት ወጪ የሚቻል ይሆናል።

እንግዲህ ክሴን ልናገር። እኛ ኢትዮጵያውያን የመድንን ነገር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አሳምረን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ያዋልነው ለሞታችን ብቻ ነው። በየወሩ ሳናጓድል የምንከፍለው፥ ስማችን በመዝገብ የተጻፈበት፥ ስንቀር የምንቀጣበት እድራችን መድን ካልሆነ ምንድን ነው? ድሀው ሰው ለልጁ ደብተር የሚገዛበት ቢያጣ እንኳ የእድሩን መዋጮ አያስቀርም። ለቀብራችን ዋስትና ገብተን ለበሬያችን፥ ለሱቃችን፥ ለአዝመራችን ግን ዋስትና የሌለን ሰዎች ነን። ድህነታችን እንዲህ ሥር የሰደደበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንዱ ይህ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ሁለት በሬዎች ነበሩት። አንዱ በክረምት መግቢያ ላይ ገደል ገብቶ ሞተ። የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አባቴ በዚያ ዓመት መሬቱን በእኩል አሳረሰ፤ ግማሹ እህል ወደ ሰው ጎተራ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ለዕዳ ሲል የቀረውን በሬ ሸጠ። በሦስተኛው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሰው ከብት ጠባቂ ሆነ። እኔ የሚስዮን ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ስለ ተቀበለኝ ተረፍሁ። ወንድሜ በሂሳብ ከእኔ እጅግ ይበልጥ ነበር። እርሱ በሞተ ጊዜ እድሩ ድንኳን ተክሎ፥ ንፍሮ ቀቅሎ፥ ሦስት ቀን አስተዛዝኖ በክብር ቀበረው። እኔም ከድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፥ «ይህን ሰው ለመቅበር ይህን ያህል ሕዝብ ከተሰበሰበ፥ አንድ በሬ ለመተካት ያን ጊዜ ሁላችን የት ነበርን?» ብዬ አሰብሁ። አገሪቱ ያጣችው አንድ በሬ ብቻ አልነበረም፤ አንድ የተማረ ሰውም አጣች። ይህ ጉዳት ግን በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም።

አሁን መድንን የሚነቅፉትን ሰዎች አንድ በአንድ ልመልስላቸው።

የመጀመሪያው ነቃፊ «መድን መግባት በእግዚአብሔር አለመታመን ነው፤ ክፉን ማሰብ ክፉን መጥራት ነው» ይላል። ይህ ሰው ቤቱን ሲዘጋ ቁልፍ አይቆልፍምን? ለልጁ ክትባት አያስከትብምን? ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸው የእግዚአብሔርን ቃል ስለ ናቀ ነውን? ይልቁንም ስላመነ ነው እንጂ። የሂሳብ አስተማሪያችን የነበሩ አንድ ሚስዮናዊ በሰሌዳ ላይ ቁጥር እየጻፉ ያጫወቱንን ታሪክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በስኮትላንድ አገር ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የሚባሉ ሁለት ቄሶች፥ ባልንጀሮቻቸው ቄሶች ሲሞቱ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ለልመና ሲዳረጉ አይተው አዘኑ። ነገር ግን አዝነው አልቀሩም። በኤዲንብራ የሂሳብ ሊቅ የነበረውን ኮሊን ማክሎሪንን አማክረው፥ በየዓመቱ ስንት ቄስ እንደሚሞት፥ ስንት መበለትና ስንት የሙት ልጅ እንደሚቀር ቆጠሩ፤ በዚያም ቁጥር መሠረት ለመበለቶች የሚሆን ገንዘብ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1744 ተቋቋመ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመረመር የገንዘቡ ልክ አስቀድመው ከገመቱት ጋር እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። የዛሬው የሕይወት መድን ከአሳዳጊዎቹ አንዱ ይህ ሥራ ነው። እነዚህ ቄሶች እምነት ያነሳቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ለመበለት ማልቀስ አንድ ነገር ነው፥ ለመበለት መቁጠር ሌላ ነገር ነው፤ እነርሱ ሁለቱንም አደረጉ። እኛ ለቅሶውን ጠንቅቀን እናውቃለን፤ ቁጥሩን ግን ገና አልተማርነውም።

ሁለተኛው ነቃፊ «እድርና ዘመድ ይበቃናል» ይላል። እድርን እኔም አከብራለሁ፤ አባልም ነኝ። በችግር ጊዜ ለታመመና ለተቸገረ የሚረዳም እድር አለ። ነገር ግን እድር የማይችለው ነገር አለ፤ ይኸውም ጎረቤትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚመታ መዓት ነው። የአንድ ሰው ጎጆ ሲቃጠል ጎረቤት ይሠራለታል፤ ደቦና ወንፈልም ለዚሁ ናቸው። ዝናብ ሲቀር ግን ለእኔ የቀረው ዝናብ ለጎረቤቴም ቀርቷል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በድርቁ የተመታው የወሎ ገበሬ ጎረቤቱ ክፉ ሆኖበት አይደለም የተራበው፤ የጎረቤቱም ጎተራ ባዶ ስለ ነበረ ነው። ከተማም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅ በአንድ ሌሊት ፈጅቷል። ለተቃጠለበት ነጋዴ ማን ያበድረው? ያበድረው የነበረው የጎኑ ባለሱቅ ነበር፤ እርሱም ከእርሱ ጋር ተቃጥሏል። አብረው የሚጎዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ዋስ ሊሆኑ አይችሉም። መድን ከእድር የሚበልጠው በዚህ ነው፤ የቆላውን ሰው ከደጋው፥ ነጋዴውን ከገበሬው፥ የአዲስ አበባውን ከጅማው ጋር በአንድ መዝገብ ያገናኛል። የመድን ኩባንያ ራሱም ከዐቅሙ በላይ የሆነውን ሸክም ጠለፋ መድን በሚባለው መንገድ ለሌላ ኩባንያ ያካፍላል፤ እንዲህም ሆኖ የአንድ አገር መዓት በብዙ አገር ትከሻ ላይ ይከፋፈላል። ሃምሳው ሎሚ ለሃምሳ ሰው የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ነቃፊ ከሁሉ ይልቅ ይበረታል፤ «መድን የሀብታም ነገር ነው፤ ቤቴ ካልተቃጠለ የከፈልሁት በከንቱ ይቀራል» ይላል። ይህ አነጋገር ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። አምስት ሱቅ ያለው ሀብታም አንዱ ቢቃጠልበት በአራቱ ይኖራል፤ አንድ ሱቅ ያለው ድሀ ግን አንዷ ስትቃጠል ለማኝ ይሆናል። እንግዲህ መድን ይበልጥ የሚያስፈልገው ለማን ነው? ገንዘቡ በከንቱ ቀረ የሚለውም አልተቃጠልሁም ብሎ እንደሚያዝን ሰው ነው።

ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አለ፤ አገር ማደጓም ሆነ መቅረቷ የሚታየው በዚህ ላይ ነው። መድን የሚጠቅመው ጉዳት በደረሰ ቀን ብቻ አይደለም፤ ጉዳት ባልደረሰበት ቀን ሁሉ ይጠቅማል፤ ፍርሃትን ያስወግዳልና። ድሀ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር መውሰድ የሚፈራው ሰነፍ ወይም ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም። ዝናቡ ከቀረ እህሉንም አጥቶ ዕዳውም እንደሚቀርበት ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ከሚሰጠው አደገኛ ዘር ይልቅ ጥቂት የሚሰጠውን የታመነ ዘር ይዘራል፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ባለበት ይቆማል። የከተማ ሰው ይህን አይቶ «ገበሬያችን አዲስ ነገር አይወድም» ይላል። ገበሬው ግን አዲስ ነገር አልጠላም፤ ወድቆ የሚያነሣው አጥቶ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ በሰሜን ጋና የተደረገ ምርመራ አለ። ውጤቱ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2014 ታትሟል። መርማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ ገበሬዎች ገንዘብ ሰጡ፤ ለአንዳንዶቹ ዝናብ ቢቀር የሚከፍል መድን ሰጡ፤ ለአንዳንዶቹም ሁለቱን አንድ ላይ ሰጡ። በእርሻቸው ላይ ገንዘባቸውን ለማፍሰስ ይበልጥ የደፈሩት መድን ያገኙት ሆነው ተገኙ። ገበሬውን አስሮ የያዘው የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን የነገ ፍርሃት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በአገራችንም ምስክር አለ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2009 በትግራይ ውስጥ ዐዲ ሐ በምትባል ቀበሌ 200 ያህል አባወራዎች ለጤፋቸው የዝናብ መድን ገቡ። የዝናቡን ማነስ የሚያሳየው መለኪያ ከተወሰነው በታች ሲሆን ካሳ ይከፈላል፤ ገማች በየማሳው መዞር አያስፈልገውም። ደግሞም ከሁሉ የሚደነቀው፥ ገንዘብ የሌለው ድሀ አረቦኑን በጉልበቱ እንዲከፍል መደረጉ ነው፤ እርከን እየሠራ፥ ውኃና አፈር እየጠበቀ ይከፍላል። ስለዚህ አረቦኑ ራሱ የድርቅን ኃይል የሚቀንስ ሥራ ሆነ። በቦረናም በ2012፥ ያው በአውሮጳ አቆጣጠር፥ ከሰማይ በሳተላይት የሣሩን ልምላሜ እያዩ ለከብት አርቢው የሚከፍል መድን ተጀመረ። እርግጥ ነው፥ ይህ አሠራር ጉድለት አለበት፤ መለኪያው «ደህና ነው» እያለ የአንዱ ሰው ማሳ ሊደርቅ ይችላል፤ ይህም በሆነ ጊዜ ገበሬው ተታለልሁ ይላል፤ እውነቱንም ነው። ሆኖም ጉድለት ያለበት ነገር ይታረማል እንጂ አይጣልም። ማረሻም ይሰበራል፤ ማረሻ ይሰበራል ብሎ ማረስን የተወ ሕዝብ ግን የለም።

መድን ለአገር የሚሰጠው ጥቅም በዚህ አያበቃም። የሺህዎች ጥቂት ገንዘብ በአንድ ስፍራ ሲከማች ትልቅ ካፒታል ይሆናል፤ በተለይ የሕይወት መድን ገንዘብ ለብዙ ዓመት ስለሚቀመጥ ለረጅም ዘመን ሥራ ሊውል ይችላል። ባንክም ለፋብሪካ ወይም ለጭነት መኪና ሲያበድር መያዣው መድን የተገባለት እንዲሆን ይጠይቃል። የመድን ኩባንያም ጉዳት እንዲበዛ ስለማይፈልግ እሳት ማጥፊያ ይኑር፥ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ይታደስ ይላል፤ ሰው ከመካሪ የማይሰማውን ከአረቦን ይማራል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰበሰበ ጊዜ፥ የጸና የአገር ውስጥ መድንና ጠለፋ መድን የኢኮኖሚ እድገት ዋና ምልክት መሆኑን የተቀበለው ይህን ሁሉ አይቶ ነው።

የእኛስ አገር ታሪክ ምን ይላል? በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. አሥራ ሦስት የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. በእነርሱ ፈንታ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቀዱ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከአሥራ አምስት በላይ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻም የአገር ውስጥ የጠለፋ መድን ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ኩባንያ አላጣንም። ነገር ግን በአገሪቱ በዓመት የሚከፈለው አረቦን ሁሉ ቢደመር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶው አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያውም ትልቁ ክፍል ከመኪና የሚመጣ ነው። ለመኪናውም ቢሆን ብዙው ሰው የሚገባው ሕግ ስለሚያስገድደው ወይም ባንክ ስለሚያዝዘው ነው። ከሕዝቡ የሚበዛው አራሽና አርቢ በሆነበት አገር መድን መኪና ለመኪና ሲሮጥ መኖሩ ምን ይባላል?

በዚህ ስፍራ ወቀሳዬን ወደ ኩባንያዎቹ አዞራለሁ፤ ሕዝቡን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነውና። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሱቁ ተቃጠለበት። መድን ገብቶ ነበር፤ አረቦኑንም አላጓደለም። ካሳውን ለማግኘት ግን ስምንት ወር ተመላለሰ። ዛሬ ይህ ወረቀት ጎደለ፥ ነገ ኃላፊው የለም፥ ከነገ ወዲያ ገማቹ አልመጣም ይሉታል። የውሉን ሰነድ ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ሰነዱ በእንግሊዝኛ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነበር። ካሳው የማይከፈልባቸውን ምክንያቶች ተርጉሜ ባነበብሁለት ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ስፈርም ይህን ማን ነገረኝ?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። በመጨረሻ ተከፈለው፤ ነገር ግን እስከዚያ ደንበኞቹ ሌላ ሱቅ ለምደው ነበር። ዘግይቶ የመጣ ካሳ ከቀብር በኋላ እንደ መጣ ሐኪም ነው። እድርን ተመልከቱ፤ የእድር ጡሩንባ በማለዳ ይነፋል፥ ድንኳኑም በዚያው ቀን ይተከላል። ሕዝቡ እድርን አምኖ መድንን የሚጠረጥረው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። አረቦን ለመሰብሰብ ፈጣን፥ ካሳ ለመክፈል ግን ኤሊ የሆነ ኩባንያ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን አገሩን ይጎዳል፤ አንዱን ያሳዘነ መቶውን ያስፈራልና። የሕዝብ ቋንቋ በሆነ ቃል ውል ይጻፉ፤ ለመክፈያው ቀን ቆርጠው ያንን ያክብሩ፤ ቅርንጫፋቸውንም ከአስፋልት ዳር አልፈው ይትከሉ።

ሕዝባችን እውነተኛ ነገር ሲያይ እንደሚቀበል ደግሞ ማስረጃ አለን። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ከዚያ በኋላ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ደብተሩን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን ገበሬ ጠይቁት፤ መድን ሟርት ነው አይላችሁም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ወይም የመጀመሪያ ትርፋችሁን በተቀበላችሁ ጊዜ ከልብስና ከስልክ አስቀድማችሁ «ነገ ብወድቅ ማን ያነሣኛል? እኔ ብሞት ወላጆቼን ማን ይጦራቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትፈርሙም አንብባችሁ ፈርሙ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ሁለተኛ፥ በእውነት ኑሩ። ያልጠፋውን ጠፋ፥ አሮጌውን አዲስ ነበር ብሎ ካሳ የሚቀበል ሰው ኩባንያውን የጎዳ ይመስለዋል፤ የጎዳው ግን የሚቀጥለውን ሐቀኛ ሰው ነው፤ ውሸቱ በአረቦን ላይ ተጨምሮ በድሀው ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ፥ ከእናንተ ሂሳብ የሚወድ ካለ ይህን የመቁጠር ጥበብ ይማር። ዝናቡን፥ በሽታውን፥ እሳቱን ቆጥሮ ለገበሬው የሚስማማ መድን የሚያዘጋጅ የገዛ አገራችን ሊቅ ያስፈልገናል። ያ ሊቅ ምናልባት በዚህ ሰዓት አንድ በሬ ስለ ሞተ ከትምህርት ቤት ሊወጣ ነው።

በእድራችሁም ስብሰባ ላይ ዝም አትበሉ። ሽማግሌዎቹን አክብራችሁ፥ ተነሥታችሁ፥ «አባቶቻችን፥ እናቶቻችን፥ የሞተውን ለመቅበር ያዋጣነውን ያህል የወደቀውን ለማንሣትም እናዋጣ፤ ብቻችንን የማንችለውንም ከሌሎች እድሮች ጋር ሆነን ለሁላችን መድን እንግባ» በሉ። መጀመሪያ ይስቁባችሁ ይሆናል። ለመበለቶች የቆጠሩትንም ቄሶች የተቃወማቸው ሰው አልጠፋም ይሆናል። እናንተ ግን ቁጥሩን ይዛችሁ ቁሙ። ለሙታኑ ክብር የሰጠ ሕዝብ የተመሰገነ ነው፤ ለሕያዋኑም ዋስ መሆንን የጨመረ ሕዝብ ግን ከድህነት ይወጣል።